በሁለት ነፋሳት መካከል፤ ከጁባ እስከ ሲሼልስ ደሴቶች

የዓለምን ካርታ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አምስት ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ስፍራ ላይ ስትገኝ፣ የሲሼልስ ዋና ከተማ ቪክቶሪያ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ አራት ዲግሪ ተኩል አለፍ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ጠባያቸው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። አንደኛዋ ከባሕር ርቃ በነጭ ዐባይ ዳር የተመሠረተች፣ በየካቲትና በመጋቢት እንደ ምጣድ የምትግል ከተማ ናት። ሁለተኛዋ ግን በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ስለ ሆነች የባሕሩ ነፋስ ያቀዘቅዛታል፤ ሙቀቷም ዓመቱን ሙሉ ከ24 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ይመላለሳል እንጂ ከዚያ እምብዛም አያልፍም።

የጁባ ሙቀት ቀልድ አይደለም። በ2024 በመጋቢት ወር ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ስለ ተፈራ የአገሩ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በ2025 በየካቲትም ተማሪዎች በሙቀቱ ምክንያት ራሳቸውን እየሳቱ ስለ ወደቁ ዳግመኛ ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን፣ ወሮቹን ግን በአገራችን ስም መጥራታችንን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

እኛም ይህን የጉዞ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው እንዲህ ባለ የመጋቢት ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በአንድ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ጓሮ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ነው። የቤቱ ባለቤቶች ባልና ሚስት ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ አደራ ስላሉን አባወራውና እማወራዋ እያልን እንጠራቸዋለን። እርሱ የጎጃም ሰው ነው፤ እርሷ ደግሞ የደብረ ታቦር ተወላጅ ናት። ወደ ጁባ የመጡት ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነፃነቷን ባወጀች በማግስቱ ዓመት ሲሆን፣ በታኅሣሥ 2013 የተነሣውን ጦርነትና በሐምሌ 2016 በከተማይቱ ውስጥ የተደረገውን ውጊያ በሯቸውን ዘግተው አሳልፈዋል። እዚያው ጁባ የተወለደች አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን ሁለቱ በአንድ ቀን ዐርፈው አያውቁም። አንዱ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ሌላው ገንዘብ መሰብሰቢያው አጠገብ ይቀራል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ወጥ ቤቱን ይጠብቃል።

ታዲያ እማወራዋ ባለፈው ገና አንድ ደንበኛቸው ከሲሼልስ ይዞት የተመለሰውን ሥዕል ካየች ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ ወደዚያ ሆነ። ለብዙ ጊዜ የተጠራቀመ አራት ሺህ ዶላር ነበራቸው። አባወራው ገንዘቡን ለምግብ ቤቱ አዲስ ጄኔሬተር ሊገዛበት አስቦ ነበር። በዚህ ምክንያት በቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሣ፤ እኛም በሽምግልና መልክ ተጠራን።

«ጄኔሬተሩስ ይቅር እሺ» አለ አባወራው። «ከሄድን ግን በታኅሣሥ እንሂድ። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ሁሉ ለፈረንጆች ገና ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፤ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ብንዘጋውም የምናጣው ነገር የለም።»

ይህ የነጋዴ ሐሳብ በጁባ በኩል ሲመለከቱት ምንም ነቀፋ የለበትም። በሲሼልስ በኩል ሲመለከቱት ግን ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የደሴቶቹን የአየር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሲሼልስን የሚገዟት ሁለት ነፋሳት ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበት ተሸክሞ ስለሚመጣ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ይልቁንም በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ይበረታል። ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ይነግሣል። ይህኛው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሳያቋርጥ ስለሚነፍስ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ ከደሴት ወደ ደሴት የሚሻገሩትንም ጀልባዎች በሐምሌና በነሐሴ ክፉኛ ያንገላታቸዋል። ፊታቸውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያደረጉት ዳርቻዎች በዚህ ወራት ሞገዱና የባሕሩ ሣር ያስቸግራቸዋል። በሁለቱ ነፋሳት መካከል ግን አንዱ ደክሞ ሌላው ገና ሳይነሣ ባሕሩ እንደ ሐይቅ ረግቶ የሚተኛበት ጊዜ አለ። ይህም በአንድ ወገን ሚያዝያ፣ በሌላው ወገን ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ ነው።

አማርኛ በመማር ላይ የሚገኙት አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ የአራቱን ወቅቶች ስም ቢያስታውሱ ይጠቅማቸዋል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን፣ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። በተለምዶ አነጋገር ብዙ ሰው መፀውን ጸደይ፣ ጸደይንም መፀው እያለ ስለሚያለዋውጥ ተማሪው ግራ ቢጋባ ጥፋቱ የርሱ አይደለም። የሚያስደንቀው ነገር ግን በሲሼልስ ባሕሩ ጸጥ የሚልባቸው ሁለቱ ጊዜያት የመፀውና የጸደይ መባቻዎች መሆናቸው ነው። የጎንደርና የጎጃም ገበሬ ዘሩን ወይም አዝመራውን እያሰበ በሚቆጥራቸው በነዚያው ቀኖች የደሴቱ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን አርቆ ያወጣል።

ዋጋም ይህንኑ ይከተላል። የአውሮፓ እንግዶች በብዛት የሚመጡት በገናና በዘመን መለወጫቸው፣ በፋሲካቸውና በሐምሌና በነሐሴ የትምህርት ቤት ዕረፍታቸው ስለ ሆነ ሆቴሎች በነዚያ ቀኖች ዋጋቸውን ከፍ ያደርጋሉ። በመካከል ባሉት ሳምንታት ግን ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ክፍልም በቀላሉ ይገኛል። እንግዲህ በታኅሣሥ የሚሄድ ሰው የበለጠ ከፍሎ የበለጠ ዝናብ ይገዛል ማለት ነው። ይህን ለአባወራው ስናስረዳው ጥቂት ዝም ብሎ «እንደዚህ ያለ ንግድማ አይሆንም» አለ። ከዚያ በኋላ ታኅሣሥን ያነሣ ሰው የለም።

እማወራዋ «ስለዚህ በሚያዝያ፣ ፋሲካን እንደ ፈታን እንሂድ» አለች። ይህም በአንድ በኩል መልካም ሐሳብ ነበር፤ የኛ ፋሲካ ከፈረንጆቹ ጋር በአንድ ቀን ይውላል ወይም ከነርሱ በኋላ ይመጣል እንጂ አይቀድምምና፣ የኛን ፋሲካ በቤቱ አክብሮ የሚነሣ መንገደኛ የነርሱን የበዓል ጥድፊያ ባብዛኛው ያመልጣል። ነገር ግን ምግብ ቤት ያለው ሰው ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ምን እንደ ሆኑ ያውቃል። ሁለት ወር ሙሉ በሽሮና በአትክልት የቆየው ደንበኛ ሁሉ ጥሬ ሥጋና ክትፎ ፍለጋ የሚጎርፈው ያን ጊዜ ነው። የዓመቱ ኪራይ የሚሸፈነውም ከዚያ ትርፍ ነው። ልጃቸው ደግሞ ገና ፓስፖርት አልነበራትም፤ ስሟ በጁባ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቀርቦ ጉዳዩ እስኪፈጸም ጊዜ መተው ይገባ ነበር። ስለዚህ ጥቅምት ተመረጠ። ጥቅምት በጁባ የዝናቡ መጨረሻ ነው። ከዩጋንዳ ድንበር ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 አስፋልት ከሆነ ወዲህ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በዝናብም ጊዜ ቢሆን ከመምጣት አይቋረጥም፤ የገበያው ሁኔታ ግን መካከለኛ ስለ ሆነ ቤቱን ለዘጠኝ ቀን ለአንድ የታመነ ዘመድ ትቶ መሄድ ይቻላል።

አንዳንድ ሰው ዛንዚባር ይቀርብ የለምን ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ይቀርባል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደዚያ ይበርራል። ነገር ግን ዛንዚባር ራሷን የቻለች አገር ሳትሆን የታንዛንያ ክፍል መሆኗን ትተን፣ የዚያ አገር ትልቁ ዝናብ የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለ ሆነ ለሲሼልስ የተመሰገነው ሚያዝያ ለዛንዚባር የጭቃ ወር ነው። ሞሪሽየስ ደግሞ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ እጅግ ርቃ 20 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በበጋችን ወራት የባሕር ዐውሎ ነፋስ ያሰጋታል። ዋናዎቹ የሲሼልስ ደሴቶች ከዚህ ዐውሎ ነፋስ መንገድ ውጭ ናቸው። ለአንዱ ደሴት የሚበጀው ወር ለሌላው እንደማይበጅ ሳያውቁ ትኬት መቁረጥ ያስቆጫል።

ወሩ ከተቈረጠ በኋላ የቀረው ክርክር ግን ከነፋስና ከዋጋ የከበደ ሆነ። አባወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትሽን ሳናይ ደሴት ለማየት ብንሄድ ሰው ምን ይለናል? እርሳቸውስ ምን ይላሉ? ልጅቱን እኮ ገና በዐይናቸው አላዩዋትም» አላት።

እማወራዋ መልስ ለመስጠት ጥቂት ዘገየች። ከዚያም «አንተ ታውቃለህ» አለችው፤ «እኔ ወደ ደብረ ታቦር የሄድኩት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ለቅሶ ስደርስ ነው የከረምኩት። የሞተውን ሁሉ እየቆጠርኩ ከቤት ቤት ስዞር፣ ለዚህ ጫማ ለዚያ መድኃኒት ስሰጥ፣ ከሄድኩበት የበለጠ ደክሜ እመለሳለሁ። እናቴን እወዳታለሁ። ከአንተና ከልጄ ጋር ግን አንድ ሳምንት እንኳ ማንም ሳይጠራኝ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ይህ ኀጢአት ነው?»

አባወራው ዐንገቱን ደፋ። እኛም ለጊዜው የምንለው ጠፋን። በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ወደ አገር ቤት መሄድ ግዴታም ናፍቆትም ነው፤ ዕረፍት ግን ሆኖ አያውቅም። ዕረፍት የሚባለው ነገር ለብቻው ገንዘብና ቀን የሚቈረጥለት ጉዳይ ነው ብሎ ማሰብ ለብዙዎቻችን አዲስ ስለ ሆነ፣ የሚያስበውም ሰው እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል። በዚህ ነገር እኛ ከእማወራዋ ጋር ነን፤ ለአባወራውም ይህንኑ ነግረነዋል።

መፍትሔው የተገኘው ከካርታው ነው። ከጁባ እስከ አዲስ አበባ በአየር ከ900 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በረራውም ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከአዲስ አበባ እስከ ማሄ ደሴት ደግሞ 2400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አራት ሰዓት ያህል ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ያለ ጥርጥር በአዲስ አበባ በኩል ስለ ሆነ፣ በመመለሻው ላይ ሦስት ቀን በዚያ ዐርፎ እናቲቱን ከደብረ ታቦር ወደ አዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል። ትኬቱን በአንድነት በሚቈርጡበት ጊዜ ይህን ማረፊያ አስቀድሞ ማስገባት በኋላ ቀን ለማስለወጥ ከመጨነቅ ያድናል። የለቅሶው ቤት ሁሉ ደብረ ታቦር ስለሚቀር እናትና ልጅ በጸጥታ ይገናኛሉ። እማወራዋ ይህን ስትሰማ ሣቀች፤ ቡናውንም ሦስተኛ ቀዳችልን።

እዚህ ላይ ከጉዞው ነገር ትንሽ ወጣ ብለን አንድ ታሪክ ብናወራ አንባቢዎቻችን አይቀየሙንም። ጁባንና ሲሼልስን የሚያገናኛቸው የምድር ወገብ ብቻ አይደለም። ከጁባ ወንዙን ተሻግሮ ጥቂት ወደ ሰሜን ሲሄዱ ጎንዶኮሮ የሚባል ስፍራ አለ። በ1871 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በግብጹ ገዥ በኬዲቭ ኢስማኤል ስም ይህን ስፍራ ይዞ ከዚያ ወደ ደቡብ በመዝመት በ1872 ከቡኞሮ ንጉሥ ከካባሌጋ ጋር በማሲንዲ ተዋጋ። ካባሌጋ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት እንግሊዞችን ሲዋጋ ቆይቶ በ1899 ከቡጋንዳው ንጉሥ ከምዋንጋ ጋር ተማረከ። ሁለቱንም ያጋዟቸው ወደ ሲሼልስ ነው። ምዋንጋ እዚያው በ1903 ሞተ። ካባሌጋ ግን ሃያ አራት ዓመት ያህል በደሴቱ ኖሮ በ1923 እንዲመለስ ሲፈቀድለት አገሩ ሳይደርስ በመንገድ ላይ በጂንጃ ዐረፈ። ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚሄድበት ደሴት ያን ጊዜ የነገሥታት ግዞት ነበር።

በጎንዶኮሮ የቤከር ተተኪ የሆነው ደግሞ ኋላ በካርቱም የተገደለው ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን ነው። በ1874 የኢኳቶሪያ ገዥ ሆኖ ወደዚህ መጣ፤ በ1879 ዐፄ ዮሐንስን ለማነጋገር ደብረ ታቦር ድረስ ሄደ፤ በ1881 ደግሞ ወደ ሲሼልስ ተሻገረ። እዚያም ፕራስላን በሚባለው ደሴት ቫሌ ዴ ሜ የተባለውን ሸለቆ ባየ ጊዜ ይህ ስፍራ አዳምና ሔዋን የኖሩበት ገነት ነው ብሎ አመነ። ለዚህ ያበቃው የኮኮ ደ ሜር ዛፍ ነው። ዛፉ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅል ሲሆን፣ ፍሬው በዓለም ላይ ካሉት ዘሮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ እስከ 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ይገኝበታል። ጎርደን ይህን ዛፍ ዕፀ በለስ ነው አለ። ሸለቆው ስፋቱ ሃያ ሄክታር እንኳ የማይሞላ ሲሆን በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጎብኚዎች ፍሬውን ለመታሰቢያ ቢገዙ ሕጋዊ ፈቃዱን አብረው መቀበል እንዳለባቸው አይርሱ፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ እንመለስ። ሲሼልስ በ1976 ነፃነቷን ያገኘች፣ በሕገ መንግሥቷ 155 ደሴቶች ያሏት፣ ሕዝቧም ከአንድ መቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ አገር ናት። የማንኛውም አገር ዜጋ ወደዚያ ለመግባት አስቀድሞ ቪዛ አይጠየቅም። ይህን ሰምቶ ግን ያለ ምንም ዝግጅት የሚነሣ ሰው ይሳሳታል። ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ አለ፤ የመመለሻ ትኬት፣ የሚያርፉበት ቤት ማረጋገጫና ለቆይታው የሚበቃ ገንዘብ መያዝም ግዴታ ነው። ከጁባ የሚነሣ የውጭ አገር ሰው ደግሞ በደቡብ ሱዳን የመኖሪያ ፈቃዱ ከመመለሻው ቀን አልፎ የሚሄድ መሆኑን ቢመረምር መልካም ነው፤ ወደ ደሴቱ መግባት ቀላል ሆኖ ወደ ገዛ ቤት መመለስ ሊያስቸግር ይችላልና።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ነው። ደቡብ ሱዳንም ኢትዮጵያም ይህ በሽታ ከሚያሰጋቸው አገሮች መካከል ስለ ሆኑ ከዚህ የሚሄድ ሰው ያለ ቢጫ ካርድ ወደ ሲሼልስ አይገባም። ክትባቱም ከመድረሻው ቀን ቢያንስ ዐሥር ቀን አስቀድሞ የተወጋ መሆን አለበት። አባወራው ካርዱን አምጥቶ ሲያሳየን ቀኑ አልፎበታል ብሎ ተጨንቆ ነበር፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ዐሥር ዓመት ነውና። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በዓለም የጤና ድርጅት ደንብ ካርዱ ለዕድሜ ልክ የጸና ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው እንደገና እንዲወጋ አይገደድም። እማወራዋ ግን ካርዷ በ2016ቱ ውጊያ ጊዜ ስለ ጠፋባት፣ ልጂቱም ተወግታ ስለማታውቅ፣ ሁለቱም ወደ ክትባት ጣቢያ መሄድ ነበረባቸው።

ስለ ወባም አንድ ቃል እንጨምር። በሲሼልስ ወባ የለም፤ በጁባ ግን አለ። በጁባ የተነደፈ ሰው ትኩሳቱ የሚነሣው ከቀኖች ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ በደሴቱ ላይ ሳለ ብርድ ብርድ ቢለው ከጁባ መምጣቱን ለሐኪሙ ወዲያውኑ መንገር አለበት። ወባን አዘውትሮ የማያይ ሐኪም ሌላ በሽታ መስሎት ጊዜ ሊያጠፋ ይችላል፤ በተለይ ለሕፃን ልጅ ይህ መዘግየት ሕይወት የሚያሳጣ ነው። ይህን ስንናገር እማወራዋ ብዕር አምጥታ ጻፈችው።

የገንዘብን ነገር በሚመለከት፣ የአገሩ ገንዘብ ሩፒ ነው። የደቡብ ሱዳንን ፓውንድ እዚያ የሚመነዝር ስለማይገኝ ዶላር ወይም ዩሮ መያዝ ይገባል፤ ኖቱም ያላረጀና ያልተቀደደ ቢሆን ይመረጣል። ምግቡ አብዛኛው ከውጭ አገር በመርከብ የሚመጣ ስለ ሆነ ኑሮው ውድ ነው። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚስማማው ትልቅ ሆቴል ሳይሆን ማብሰያ ያለው ትንሽ የእንግዳ ቤት ነው። በቪክቶሪያ ገበያ ጠዋት የወጣ ዓሣ ገዝቶ ማታ ቤት ውስጥ መሥራት የምግቡን ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ምግብ ቤት ላላቸው ባልና ሚስትማ ይህ ምን ያስቸግራል? እማወራዋ «በርበሬዬን ይዤ እሄዳለሁ» አለች። አባወራው ግን «ዕረፍት ነው ብለሽ እዚያም ወጥ ልትሠሪ ነው?» ብሎ ቢጠይቃት «አንተ ነህ የምትሠራው» ብላ አሳቀችን። ከ2023 ነሐሴ ጀምሮም በየማረፊያው እንደ ቤቱ ትልቅነት ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ25 እስከ 100 ሩፒ የሚደርስ የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያ ስላለ በሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ትንንሽ ልጆች አይከፍሉም። በማሄ ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ አውቶቡስ ከታክሲ እጅግ ይረክሳል። ከማሄ ወደ ፕራስላን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት፣ ከፕራስላን ወደ ላ ዲግ ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ በላ ዲግ አውቶሞቢል ጥቂት ስለ ሆነ ሰዉ የሚጓዘው በቢስክሌት ነው።

የደሴቱ ሰዎች የዳቦ ፍሬ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ የበላ እንግዳ ሳይመለስ አይቀርም ይላሉ። ከኮኮናት ጋር የተሠራ የዓሣና የኦክቶፐስ ወጥም አላቸው። አንዳንድ ቤት የሌሊት ወፍ ወጥ ስለሚቀርብ ግን በሃይማኖት ምግብ የሚመርጥ አንባቢያችን ድስቱ ከመከፈቱ በፊት መጠየቅ ይበጀዋል።

የሰዓት ነገርም ያደናግራል። ደቡብ ሱዳን በ2021 በጥር መጨረሻ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፣ በጁባ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ 7፣ በቪክቶሪያ 8 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስለሚቆጥርና ትኬቱ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር፣ ሰዓቱን ሁለት ሰው ለየብቻው ቆጥሮ ቢያመሳክረው እንመክራለን። በዚህ ስሕተት አይሮፕላን ያመለጠውን ሰው እናውቃለን፤ ያ ሰው እኛው ነን።

በመጨረሻ የባሕሩን ነገር በብርቱ አሳሰብናቸው። የደጋ ሰው ዋና አያውቅም፤ ባሕሩም ረግቶ ሲታይ ያታልላል። በላ ዲግ ግራንድ አንስ የሚባለው ዳርቻ ውበቱ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ በውስጡ ጎታች የሆነ ኀይለኛ የውኃ ጅረት አለው፤ ይልቁንም በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወራት። በጥቅምት ነፋሱ ቢደክምም ልጅ ይዞ ወደዚያ መግባት አይገባም። በማሄ የቦ ቫሎን ዳርቻ ረጅምና ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይሻላል። እዚያም ቢሆን ውኃው ከጉልበት እንዳያልፍ፣ ልጂቱም ከእጅ እንዳትወጣ ተስማማን። ልጂቱ ግን ሐሳቧ ሁሉ በኤሊዎቹ ላይ ነው። አልዳብራ በተባለው ሩቅ ደሴት ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ታላላቅ የምድር ኤሊዎች እንደሚኖሩ ስንነግራት «ሊያዝሉኝ ይችላሉ?» አለችን። አልዳብራ ከማሄ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ወደዚያ አይደረስም፤ በፕራስላን አጠገብ ባለችው በኩሪዩዝ ደሴት ግን በነፃ የሚዘዋወሩትን ታያለች። መቀመጥ ግን ክልክል ነው አልናት።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ ከተደላደለ በኋላ እማወራዋ ወደ ደብረ ታቦር ስልክ ደወለች፤ በጥቅምት ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ለእናቷ ልትነግር ነበር። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«እማዬ፣ ከደሴቱ ስንመለስ አዲስ አበባ ላይ እንገናኛለን።»

«የምን ደሴት ነው ልጄ?»

«ሲሼልስ የሚባል አገር ነው። ድሮ አንድ እንግሊዛዊ ገነት እዚያ ነው ብሎ ነበር አሉ።»

እናቲቱ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «ገነትን የሚያጠጣው ግዮን ከሰከላ ፈልቆ በጣና ያልፋል» አሉ። «እንግሊዙ እዚህ ድረስ መጥቶ ሳለ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ በነገሩት ነበር።» ጥቂት ቆይተውም ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው «በጥቅምት ነው ያልሽኝ?» ብለው ጠየቁ። «እዚህ እኮ ጥቅምት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያ አገር ሙቀት ነው ወይ?»

እማወራዋ ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ ባሏ ተመለከተች። አባወራው ዐይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ አራተኛ ትኬት፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ለእናቲቱ ፓስፖርት። ከዚያም ስልኩን ተቀብሎ «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ሆነ?» ብሎ ጠየቃቸው። ከስድሳ ያለፈ ሰው የቢጫ ወባን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመወጋቱ በፊት ሐኪም እንዲያየው የሚመከር መሆኑን ቀደም ብለን ነግረነው ነበር።